ሰባት ጥርስ

“ሦስት… አራት…”

ኢላሪዮ በአውቶቡሱ ሆድ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ በሁለት እጁ እያሽከረከረ ይቆጥራል። ዘንጉ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምሯል፤ ጎማው ላይም ሌላ። የግራው ጎማ መሬት ይዟል፣ የቀኙ በክሪክ ተነሥቷል፣ ማርሹ ከሞተሩ ተላቆ ፎሌ ላይ ነው። በእኛ ተራራ ይህን ቆጠራ የማያውቅ ሹፌር የለም። የተነሣው ጎማ ሁለት ዙር እስኪሞላ ዘንጉ አራት ጊዜ ያህል ከዞረ፣ ውስጥ ያለው ዲፈረንሻል ፈጣኑ ነው፤ ኢላሪዮ ያዘዘውም እሱን ነበር።

አራት ሞላ። ጎማው ገና አንድ ተኩል እንኳ አልዞረም።

“አምስት…” ላቡ ወደ ጆሮው ወረደ። ስድስት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የጎማው መስመር ለሁለተኛ ጊዜ ከላይ ብቅ አለ። “ስድስት ሊሆን! ወይ ጉድ! ወይ የሽማግሌ ጉድ!”

እየተንፏቀቀ ወጣ።

“ታት ፍሎሬንቲን!”

ሽማግሌው መካኒክ ጋራዡ በር ላይ፣ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጠው፣ የበቆሎ ቂጣ በጥቁር ቦሎቄ እያጠቀሱ ነበር። ከሎስ ኤንኩዌንትሮስ መገንጠያ ወረድ ብሎ ያለው ይህ ጋራዥ ምልክት የለውም፤ ከሰማንያ ዓመት ሰው እስከ ትናንት ሹፌር ሁሉም፣ አባባ እንደማለት፣ “የታት ጋራዥ” ይለዋል።

“ምነው? ምን ነከሰህ?”

“ምንድን ነው ያስገቡልኝ? እኔ ያመጣሁልዎት አሥር ጥርስ ነው! እዚህ ውስጥ ያለው ግን…”

“ሰባት ነው” አሉ እያኘኩ። “ሰባት ጥርስ ያለው ትንሹ ፒኞን፣ አርባ አንድ ጥርስ ካለው ትልቁ ክብ ኮሮና ጋር። ከገልባጭ መኪና የወጣ፣ ምኑም ያልተነካ። ቆጥረህ ደረስክበት? ጎበዝ። ሌላው ቢሆን መንገድ ላይ ነው የሚነቃው።”

“ያላዘዝኩትን?”

“ያላዘዝከውን።”

አውቶቡሱ ከሰሜን የመጣ ነው። እዚያ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሜዳ መንገድ ተማሪ ሲያመላልስ ኖሮ፣ እንደ ቢጫ ዘመዶቹ ሁሉ በጨረታ ተሽጦ፣ ሜክሲኮን አቋርጦ ወደ እኛ ወጣ። ታት ፍሎሬንቲን በአምስት ሳምንት ውስጥ ማርሹን በራሱ የሚቀይረውን ካምቢዮ አውጥተው ባለ ስድስት ማርሽ የጭነት መኪና ካምቢዮ ገጠሙለት፤ ፍሪሲዮን ጨመሩለት፤ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ በየዱለት፤ ቢጫው አረንጓዴ ሆነ። ዲፈረንሻሉን ብቻ ኢላሪዮ ራሱ ዋና ከተማ ድረስ ሄዶ መርጦ ገዛው። ሠላሳ ዘጠኝ ጥርስ ያለው ኮሮና፣ አሥር ጥርስ ካለው ፒኞን ጋር፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ነው የመጣው። እንዲህ ያለው ጥርስ በቀጥታው አስፋልት ላይ መቶ ሃያ ያስበራል።

“ነገ ሥራ ልጀምር ነው እኮ!” አለ። “የሹፌሮቹ ማኅበር ከኤልፊዶ አውቶቡስ ኋላ ነው የመደበኝ። ከሐይቁ ዳር፣ ከፓናሃቼል፣ እሱ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል፣ እኔ አሥራ አንድ ከሩብ። ከኤልፊዶ ኋላ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያገኝ ያውቃሉ? ሰካራምና ፍየል! ካልቀደምኩት አለቀልኝ። በዚህ በእርስዎ ጥርስ ደግሞ ሰማንያ ላይ ጮኾ ያልቅበታል። ኤሊ ነው የሚሉኝ!”

“ኤሊ ዕድሜዋ ረጅም ነው።”

“አይቀልዱብኝ፣ ታት!”

ሽማግሌው ሳህናቸውን መሬት አስቀመጡ። “እሺ፣ ቀልዱ ይቅር። ከሶሎላ ቁልቁለት በምን ልትወርድ ነበር?”

ኢላሪዮ ያን ቁልቁለት ያውቀዋል። ከሰባት ዓመት በፊት፣ የሰው አውቶቡስ ይዞ ከሶሎላ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ ፍሬን ሲረግጥ ሲረግጥ፣ መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ቀጥሎ ፔዳሉ ጭቃ የረገጠ ያህል እስከ ወለሉ ገባ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው የተቆረጠ አፈር ነበር። መሪውን ወደ አፈሩ ጠመዘዘው። ማንም አልሞተም፤ ናን፣ እማማ፣ የሚላቸው የአማቱ የቶማሳ ክንድ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ናን ቶማሳ እሱ በሚነዳው መኪና ተሳፍረው አያውቁም። እሱም ያን ቁልቁለት ነድቶ ወርዶ አያውቅም፤ ይህን ደግሞ ከሚስቱ ከኦልጋ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰባቱን ዓመት በባሕሩ ዳር ሜዳ ላይ ሸንኮራ አገዳ ሲያመላልስ ኖረ። አሁን የገዛ አውቶቡሱ መንገድ በየቀኑ በዚያው ቁልቁለት ነው፤ መውረድ ካልቻለ፣ አረንጓዴው ጌጥ ሆኖ በር ላይ መቆሙ ነው።

“በፍሬን…” አለ ቀስ ብሎ። “ቀስ እያልኩ…”

“በፍሬን! ደግመህ በፍሬን!” ታት ፍሎሬንቲን ተነሡ። ከሥራ ጠረጴዛው ላይ የኢላሪዮን ኮሮና ከነጋዜጣው አንሥተው ገለጡት። ክቡ ብረት በዘይት አብረቀረቀ፤ ጥርሶቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለዋል። ፒኞኑን ገጠሙበት። “እስቲ ና ወዲህ። ይቺ ጥርስ አሁን ከዚችኛዋ ጋር ተነካክታለች። ተመልሰው የሚገናኙት መቼ ነው?”

“ሲዞር ነዋ። በሚቀጥለው ዙር።”

“አይደለም። ይቺ ጥርስ ከሠላሳ ዘጠኙ ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ተገናኝታ ሳትጨርስ ያችኑ ደግማ አታገኝም። አስበውበት ነው ቁጥሩን የመረጡት። አንዷ ጥርስ ሸካራ ብትሆን ሸካራነቷን ለሁሉም ታካፍላለች፣ ሁሉም እኩል ይለዝባል። አርባ ስድስት ዓመት ጥርስ ስቆጥር ኖርኩ፤ ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባሰብኩት ቁጥር ግን ባርኔጣዬን ላውልቅለት ያምረኛል።”

ኢላሪዮ ተናዶም ቢሆን ጎንበስ ብሎ አየ። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ነገር ላይ ተቀምጦ ሲነዳ፣ ከሥሩ እንዲህ ያለ ሰላምታ እንደሚካሄድ አስቦት አያውቅም።

“ታዲያ የእኔም እንደዚያ ከሆነ ምን ችግር አለው?”

“ጥርሱ ምንም አላደረገህም። ቁልቁለቱ ነው ችግሩ። ስትወርድ ሞተሩ ጎማውን አይነዳም፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚጎትተው። በአንተ ጥርስ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩን አራት ጊዜ ይጎትታል። በእኔ ወደ ስድስት። ካምቢዮውን ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባበት ደግሞ ሃያ ጊዜ! አስበው እስቲ። አንድ ጎማ አንዲት ዙር ለመዞር፣ ያን የሚያክል ሞተር ሃያ ጊዜ ማዞር አለበት። እንዲህ የታሰረ ጎማ ወዴት ይሮጣል?”

“ወረቀት ላይማ ሁሉም ይይዛል።”

“እንግዲያው በወረቀት አንጨቃጨቅ። ኖራ አምጪ!” ብለው ወደ ቤታቸው ጮኹ።

ሚስታቸው ቤት ውስጥ በቆሎ ከሚቀቅሉበት ኖራ በጣሳ ሞልተው አቀበሏቸው። ከዚያ ጋራዥ የወጣ አውቶቡስ ሁሉ በዚህ ኖራ አልፏል። ታት ፍሎሬንቲን ሹፌሩ ወንበር ሥር ተንበርክከው፣ የፍሬኑን ፔዳል በጨርቅ ጠርገው፣ ኖራውን በጣታቸው ቆንጠር እያደረጉ ነሰነሱበት። ጥቁሩ ፔዳል ነጭ ሆነ።

“እስከ ሶሎላ እንደፈለግህ ንዳ፤ እዚያ አድሰዋለሁ። ከሶሎላ እስከ ሐይቁ ግን እግርህ ይህን ኖራ እንዳይነካ። ከነካ፣ ዛሬውኑ የአንተን አሥር ጥርስ በነጻ አስገባልሃለሁ።”

“ካልነካስ?”

“ካልነካማ ምን አለኝ? ያኔ አንተው ታውቀዋለህ።”

“ሰው ቢገባብኝስ?”

“ርገጥ እንጂ! ሰው ከኖራ ይበልጣል። ይህም ይጠየቃል?”

ኢላሪዮ ሽማግሌውን አላመናቸውም። ኮሮናውንና ፒኞኑን መልሶ በጋዜጣ ጠቀለለና፣ እንዳይርቀው ከወንበሩ ጀርባ አስቀመጠው። ታት ፍሎሬንቲን ከጎኑ ሲቀመጡ ሞተሩን አስነሣ።

ሶሎላ ሲደርሱ የማክሰኞ ገበያ ሊፈታ ነበር። መንገዱ ዳር ያለው ሁሉ ጥቅሉን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ የሚወርድ መኪና ይጠብቃል። ኢላሪዮ በዝግታ ሊያልፍ ሲል ታት ፍሎሬንቲን በሩን በመዳፋቸው ደበደቡት።

“ቁም! ጫን!”

“ምን ነካዎት? ሙከራ ነው እኮ!”

“ባዶ አውቶቡስ ምንም አይመሰክርም። ጫን አልኩህ።”

ከመጫን ሌላ ምን ምርጫ አለው? ሰዉ እንደሆነ አንዴ በር ከተከፈተለት ጥያቄ አያውቅም። በቆሎው፣ ዶሮው፣ የፕላስቲክ ወንበሩ፣ ሁለት ሜትር መስታወት የያዘው ሰውዬ ሳይቀር ገባ። ከፊት የኤልፊዶ ቀይ አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቶ ቆሟል። ኤልፊዶ ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣና የኢላሪዮን መስኮት ያዘ።

“ጎበዝ! ከሸንኮራው ተመለስክ? ያቺን አሥር ጥርስ አስገባሃት?”

“አላስገባኋትም። ታት ሰባት አስገቡልኝ።”

“ሰባት!” ኤልፊዶ የሳቀው ሳቅ ገበያው ድረስ ተሰማ። “ሰባት ጥርስ የገልባጭ ነው፣ ወንድሜ! አሸዋ ልትጭን ነው? እሺ ስማ፣ ካልፈለግካት ለእኔ ስጠኝ። ከገዛህበት አምስት መቶ ኬትሳል እጨምርልሃለሁ። አሁን፣ እዚሁ፣ በእጅህ።”

ኢላሪዮ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ጥቅል ዞር ብሎ አየ። ገንዘቡ ጥሩ ነበር። “ታች ስንደርስ እነግርሃለሁ” አለው።

“አንተ ታች ስትደርስ እኔ እራቴን በልቼ ተኝቻለሁ” ብሎ ኤልፊዶ እየሳቀ ሄደ።

ያኔ ነው ናን ቶማሳ የመጡት። ከሐይቁ ዳር ያመጡትን ሽንኩርት ሸጠው፣ በምትኩ አንዲት ቀይ ዶሮና ግማሽ ከረጢት በቆሎ ገዝተዋል። የበሩን እጀታ ጨብጠው አንድ እግራቸውን ካነሡ በኋላ መሪው ላይ ያለውን ሰው አዩ። እግራቸው አየር ላይ ቀረ።

“አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ፣ ናን።”

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እዚያ ከተቀመጡት ግማሾቹ የናን ቶማሳ ክንድ ሲሰበር የነበሩ ናቸው፤ ግማሾቹ ሲወራ የሰሙ። ናን ቶማሳ ኢላሪዮን ትተው ከጎኑ ወዳሉት ሽማግሌ ዞሩ።

“ታት ፍሎሬንቲን፣ ይሄ ነገር ይይዛል?”

“እኔ ራሴ ተቀምጬበት የለም እንዴ?”

“እርስዎማ አርጅተዋል፤ ምን ይቀርብዎታል!”

አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ታት ፍሎሬንቲንም ሳቁ። ኢላሪዮ ግን አልሳቀም፤ የአማቱን ፊት እያየ፣ ቢመለሱ ፈጽሞ እንደማይፈርድባቸው ለራሱ እየነገረ ነበር። ናን ቶማሳ የቀዩን አውቶቡስ አዩ፤ በበሩ ሰው ተንጠልጥሎበታል። ሰማዩን አዩ።

“ልጄ ለአንተ ብላ ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሻማ አብርታለች” አሉ በመጨረሻ። “በከንቱ አይነድ።”

ወጡና በቀጥታ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ። ዶሮይቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። “ይኸውልህ ኢላሪዮ፣ የምሞት ከሆነ ይቺን ጆሮህን ይዤ ነው የምሞተው።”

“እሺ፣ ናን።”

“ቶሎም በል። ከሰዓት ያ የሐይቁ ነፋስ የቤቴን በር ይደበድብብኛል። ድንጋይ ባስደግፈው ድንጋዩን ይገፋዋል። አሁን ተገንጥሎ ሊሆን ይችላል።”

ታት ፍሎሬንቲን ጎንበስ ብለው ፔዳሉን እንደገና ነጭ አደረጉት።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ኢላሪዮ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። የቁልቁለት ሕግ አንድ ነው፤ ማርሽህን ከላይ ትመርጣለህ፣ ታች እስክትደርስ አትነካውም። መሐል ላይ ልቀይር ብለህ ፎሌ ላይ ከቀረብህ፣ ያኔ ሹፌርነትህ አብቅቷል፤ አንተም እንደ ሌላው ተሳፋሪ ነህ። እግሩን ከፍሪሲዮኑ አነሣ፤ ከነዳጁም አነሣ። የአውቶቡሱ አፍንጫ ወደ ታች ዘቀዘቀ።

አንድ አፍታ አውቶቡሱ የሚሮጥ መሰለ። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ መጥቶ ጀርባውን ገፋው። የኢላሪዮ ቀኝ እግር ወደ ፍሬኑ ሄደ፤ ከኖራው በላይ አንድ ጣት ሲቀረው ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ጥርሶቹ ነከሱ። ሞተሩ ከሆዱ ውስጥ ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ አወጣ፤ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ የሰውዬው መስታወት ጮኸ። የፍጥነት መርፌዋ ሃያ ላይ ወጣችና እዚያው ተተከለች። ሃያ። ሃምሳ አራት ሰው፣ በቆሎው፣ ዶሮው፣ የጣሪያው ጭነት፣ ራሱ ብረቱ፣ ያ ሁሉ ክብደት ወደ ሐይቁ ልውደቅ ይላል፤ በጥቁር ዘይት ውስጥ የተደበቁ ሰባት ጥርሶች እንቢ ይላሉ።

“አየህ?” አሉ ታት ፍሎሬንቲን። ድምፃቸው የኩራት አልነበረም። እሳቸውም፣ ስንት ጊዜ አይተውት፣ አሁንም እንግዳ የሆነባቸው ይመስሉ ነበር።

ኢላሪዮ ዐይኑን ከመርፌዋ ነቅሎ መሪውን በመጀመሪያው መታጠፊያ አዞረ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ከኋላ ረጅም ክላክስ መጣ። ኤልፊዶ ነው፤ ሶሎላ ላይ ሰው ሲጨምር ቆይቶ አሁን ደርሶባቸዋል። ቀዩ አውቶቡስ በስተግራ ታክኳቸው አለፈ። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ረዳቱ ባርኔጣውን እያውለበለበ “ኤሊ! ደህና እደሪ!” ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ስቆ ሳይጨርስ፣ ቀዩ ትቶት የሄደው ሽታ በመስኮት ገባ።

የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ነው። ኢላሪዮ ሰባት ዓመት በሕልሙ ያሸተተው፣ ያው ራሱ። እግሩ ሳያዝዘው ወደ ኖራው መውረድ ጀመረ።

“የሱ ነው!” አሉ ታት ፍሎሬንቲን ቶሎ ብለው። “የአንተ አይደለም፣ ልጄ። እግርህን ሰብስብ።”

እግሩን ሰበሰበ። ከኋላው ናን ቶማሳ የብረቱን መያዣ በሁለት እጃቸው ሲጨብጡ ሰማ፤ እሳቸውም ሸትቷቸዋል። ሦስተኛው መታጠፊያ ከፊት ታየ። የተቆረጠው አፈር ላይ ሣር በቅሎበታል፤ የዚያን ቀን የገባበት ቦታ ግን እንደ ጥርስ ንክሻ ጎድጎድ ብሎ አሁንም አለ። ያኔ እዚህ ጋ ሲደርስ መርፌዋ ሰባ አልፋ ነበር፤ ሴቶቹ የእመቤታችንን ስም ይጠሩ ነበር፤ እሱ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ምንም አልነበረም። አሁን መሪውን በዝግታ አዞረ። አውቶቡሱ ዞረ። የሞተሩ ድምፅ ቅንጣት አልተለወጠም፤ ለሞተሩ ይህም እንደሌላው መታጠፊያ ነው። ሣር የበቀለበት አፈር በመስኮቱ አለፈና ወደ ኋላ ቀረ።

ያለቀ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደበት።

“ዛሬ የሳን ፔድሮ ተራራ ደመና የለበትም” አሉ ናን ቶማሳ።

ኢላሪዮ በመስታወቱ አያቸው። መያዣውን ለቀዋል። ዐይናቸው መንገዱ ላይ አልነበረም፤ በመስኮቱ አሻግረው ይመለከታሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በማንም አውቶቡስ ቢሆን፣ ይህን ቁልቁለት ዐይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያ እየቆጠሩ ነው የሚወርዱት፤ ኦልጋ ነግራዋለች። አሁን እሳተ ገሞራውን እያዩ ስለ ደመና ያወራሉ።

እሱም አንድ አፍታ ቀና አለ። ሐይቁ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኖ፣ ሦስቱ ተራሮች ከላዩ ቆመው፣ ነፋሱ ውሃውን ወደ አንድ ወገን እያበጠረ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ እንዲህ ትልቅ መሆኑን ግን እንዴት ረሳው? እንባው መጣ፤ ይምጣ ብሎ ተወው። ከላይ ተራራው፣ ከታች ውሃው፣ በመሐል ሃምሳ አራት ሰው አንድ መዳፍ በማይሞሉ ጥርሶች ተይዞ በሰላም ይወርዳል፤ ዶሮይቱ እንኳ ተኝታለች። በስመ አብ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ይችላል?

ታች፣ መንገዱ ሜዳ ሲሆን፣ ታት ፍሎሬንቲን “ሞተሩን አጥፋው” አሉ። አጠፋው። አውቶቡሱ አንድ ጊዜ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ቀጥ አለ። ኢላሪዮ የእጅ ፍሬኑን ስቦ እግሮቹን ወደ ጎን አዞረ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ።

ኖራው እንዳለ ነበር። የጣታቸው ቁንጥጫ ምልክት ሳይቀር።

ወሬው ወደ ኋላ ሄደ፤ ተሳፋሪው እየወረደ በሹፌሩ በኩል ዞሮ፣ ተራ በተራ አንገቱን እያስገባ ፔዳሉን አየ። ባለ መስታወቱ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ናን ቶማሳም አዩ።

“ይሄ ነው እንዴ? ለዚህ ነው በቆሎ የምንቀቅልበትን ኖራ የምታባክኑት?” አሉ። ግን ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብለው ነው ያዩት።

ከፊት ሠላሳ እርምጃ ርቆ ቀዩ አውቶቡስ ቆሟል። ከኋላ ጎማዎቹ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ረዳቱ በባልዲ ውሃ ይደፋበታል። “ቀስ! ይሰነጠቃል፣ አንተ!” ብለው ታት ፍሎሬንቲን እየተራገሙ ሄዱ። ኤልፊዶ ወደ ኢላሪዮ መጣ። መነጽሩን አውርዶ ዐይኑን ሸፍኗል። ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ ክብሪት ጫረ፤ አልያዘለትም፤ ሁለተኛ ጫረ፣ እሱም አልያዘለትም።

“ፍሬኗ ትንሽ ሞቆባት ነው እንጂ ምንም አልሆነችም” አለ። “የፍሬን ሸራ ይቀየርላታል፣ አለቀ። እህ፣ ያቺ አሥር ጥርስስ? ስድስት መቶ እጨምራለሁ። ነገ ከዋና ከተማ መልስ አስገባታለሁ።”

ገንዘቡን ከኪሱ አወጣ። ኢላሪዮ ገንዘቡን አላየም፤ የኤልፊዶን እጅ ነበር የሚያየው። ከሰባት ዓመት በፊት የራሱ እጅ ለሦስት ቀን ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር። ስድስት መቶ ኬትሳል ደግሞ ለአንድ ሳምንት ናፍጣ ይበቃል። ኮሮናዋን የሚገጥምበት ሌላ መኪና የለውም፤ ለእሱ ከዛሬ ጀምሮ ብረት ናት።

“አትሸጥም” አለ።

“እንዴት አትሸጥም? አንተ አልፈለግካት!”

“ስላልፈለግኳት ነው።”

“ሌላ ቦታ አጣለሁ እንዴ?”

“አታጣም። እኔ ሸጬልህ ግን በዚህ ቁልቁለት አትወርድም።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ታት ጋ ብቅ በል፣ ኤልፊዶ። ኖራ አያልቅባቸውም።”

ኤልፊዶ ሲጋራውን ሳያቀጣጥል ጥሎት ወደ ጭሱ ተመለሰ።

ኢላሪዮ ሠላሳ ኪሎውን ኮሮና ከነጋዜጣው ትከሻው ላይ ጫነው፤ ፒኞኑን በሌላ እጁ ያዘ። “ናን፣ ቤት ላድርስዎት” አለ። ናን ቶማሳ ዶሯቸውን ታቅፈው ከኋላው ተከተሉት። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል አቧራ ይዞ መጣ። የቤታቸው በር አልተገነጠለም፤ እየተላጋ ነበር። ኢላሪዮ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ኮሮናውን ሥሩ አስቀመጠው። በሩ አንዴ ገፋ አደረገው፤ ከዚያ ዝም አለ።

ናን ቶማሳ ጋዜጣውን በእግራቸው ገልጠው አዩት።

“ጉድ! ስንት ጥርስ አለው?”

“ሠላሳ ዘጠኝ።”

“የአንተስ?”

“አርባ አንድ። ከሰባት ጋር።”

“ይቺስ?” ፒኞኑን ከእጁ ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት። “ለነጭ ሽንኩርት መውቀጫ ትሆናለች።” ወደ ማጀት ይዘዋት ገቡ። ኢላሪዮ ሊሄድ ዞሮ ሦስት እርምጃ እንደተራመደ ከውስጥ ተጣሩ።

“ኢላሪዮ! ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትነሣው?”

“አሥራ አንድ ከሩብ፣ ናን። ከኤልፊዶ ኋላ።”

“ከኋላህ ያለችውን ወንበር ለማንም እንዳትሰጥብኝ” አሉ።